ከላቲን የሚወለድ ፈጠራ ቋንቋ በፊደላችን ለመጻፍ፦ ድምፁ፣ አጻጻፉ፣ ሰዋስው

ደጎል አደባባይ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከላቲን የሚወለድ የፈጠራ ቋንቋ እየሠራሁ ነው፤ ስሙን አዱሊኛ ብዬዋለሁ። መነሻው እንዲህ ነው፦ የሮም ነጋዴዎች አዱሊስ ወደብ ላይ ሰፍረው፣ ከግዕዝ ተናጋሪዎች ጋር ተጎራብተውና ተጋብተው ላቲናቸውን ለልጅ ልጅ ቢያስተላልፉ፣ ያ ቋንቋ ዛሬ አዲስ አበባ ላይ እንዴት ይነገር ነበር? እንዴትስ ይጻፍ ነበር? የምፈልገው ለሥዕላዊ ልብ ወለድ ነው። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ያለው መንገድ ሰሌዳው ሁሉ በአዱሊኛ ይሆናል፦ ዳቦ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ አደባባይ፣ «እሑድ ዝግ ነው» የሚል ወረቀት።

እስካሁን ያወጣኋቸው ቃላት ቼንቶ (መቶ)፣ ፊሊያ (ሴት ልጅ)፣ ቪታ (ሕይወት)፣ ኖቴ (ሌሊት) የመሳሰሉ ናቸው። አራት ነገር አስቸግሮኛል።

ሳነበው ጣልያንኛ በፊደል የተጻፈ ብቻ ይመስላል። ሁለተኛ፣ ፊደላችን ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን አይለይም፤ በላቲን «ፋቱም» (ዕጣ) እና «ፋክቱም» (ድርጊት) የነበሩት በጣልያንኛ ላልቶና ጠብቆ ይለያያሉ፣ እኔ ጋ ግን ሁለቱም «ፋቶ» ሆነው ቀሩ። ሦስተኛ፣ የኋለኛው ዘመን ላቲን ሰባት አናባቢ ነበረው ይባላል፣ ፊደላችንም ሰባት ቤት አለው፤ አንድ ለአንድ ማዛመድ ይቻላል? አራተኛ፣ ሰዋስውን ከየት ልጀምር?

የላቲኑን ቃል በድምፁ በፊደል ነው የጻፍኩት፤ እናንተም እንደዚያው ብታደርጉልኝ ለማነጻጸር ይቀላል።

ሳድስ (መልስ)

ከሦስተኛው ልጀምር፣ ሌላው እሱ ላይ ስለሚያርፍ።

ሰባት ለሰባት ማዛመድ አይሆንም። የምዕራቡ ላቲን ሰባት አናባቢዎች ሁለት ዓይነት «ኤ» እና ሁለት ዓይነት «ኦ» (ጠበብ ያለና ከፈት ያለ) ያሏቸው ናቸው። የእኛ ሰባት ግን አንድ «ኤ»፣ አንድ «ኦ» ብቻ ይዘው በምትኩ ሁለት የመሐል አናባቢ አላቸው፦ ግዕዙን (ለ) እና ሳድሱን (ል)። ቁጥሩ ገጠመ እንጂ ድምፁ አልገጠመም። ሁለቱን «ኤ» በኃምስና በግዕዝ ልጻፍ ብትል አንባቢ ግዕዙን በራሱ ድምፅ ያነበዋል፣ ያሰብከው ልዩነት እዚያው ይጠፋል።

ደግነቱ የሚያዋጣ ሌላ መንገድ አለ። የጥንቱ ላቲን አምስት አጭርና አምስት ረጅም አናባቢ ነበረው። በሰርዲኒያ ረጅሙና አጭሩ ዝም ብለው ተዋሕደው አምስት ብቻ ቀሩ። የሰሜን አፍሪካው ላቲንም ወደዚያ ያዘነበለ ይመስላል፤ አውግስጢኖስ ራሱ የአፍሪካ ጆሮ የአናባቢን እጥረትና ርዝመት አይለይም ብሎ ጽፏል። ምሳሌው «ኦስ» ነው፦ ሲረዝም አፍ፣ ሲያጥር አጥንት። ታሪክህ አዱሊስ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ይህን ብትወስድ የሚሞግትህ የለም። ስለዚህ ጫና ያረፈበት (በንግግር ጎላ ብሎ የሚባለው) አናባቢ በአምስቱ ይጻፍ፦ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳብዕ።

ግዕዙና ሳድሱ ደግሞ ጫና ለሌለው ቦታ ይቀመጡ። ጫና የሌለው «ኣ» ወደ ግዕዝ ይውረድ፤ ጫና የሌላቸው «ኢ»፣ «ኤ»፣ «ኡ» ወደ ሳድስ፤ «ኦ» እንዳለ ይቅር። ይህ ከሜዳ የተነሣ ሐሳብ አይደለም። ሩማኒያኛን ተመልከት፦ አናባቢዎቹ ሰባት ናቸው፣ ከአምስቱ ሌላ ያሉት ሁለቱ ከእኛ ግዕዝና ሳድስ ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው። በእኛ ፊደል ያለ ችግር ይጻፋል። ሱፍ በላቲን «ላና» ነው፣ በሩማኒያኛ «ልነ»። እጅ «ማኑስ» ነው፣ በሩማኒያኛ «ምነ»። ቤት በሩማኒያኛ «ካሰ» ነው፣ «ቤቱ» ለማለት ደግሞ «ካሳ»፤ የሚለያቸው የመጨረሻው ፊደል ግዕዝና ራብዕ መሆኑ ብቻ ነው። የላቲን ፊደል ለዚህ ሁለት ድምፅ ምልክት ስለሌለው ሩማኒያኛ በፊደል ራስ ላይ ምልክት ደርቦ ነው የሚጽፈው። እኛ ጋ ዝግጁ ነው።

የሚያሰናክለውን አስቀድሜ ልንገርህ። በአማርኛ ስም በግዕዝ አናባቢ አያልቅም ማለት ይቻላል፤ በግዕዝ የሚያልቀው ግሥ ነው። «ካሰ» ስትል አንባቢህ ካሳ የከፈለ ሰው ነው የሚታየው። ሴቴ ስሞችህ ሁሉ በግዕዝ ካለቁ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ማደናገራቸው አይቀርም። ስሞቹን ከሥዕል ጋር አስጠግተህ አስገባ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ካየ ይለምደዋል።

በቃል መነሻ ላይ ያለውን «አ» አትንካው። በአማርኛ አ እና ሀ በግዕዝ ቤት ተጽፈው እንደ ራብዕ ነው የሚነበቡት፤ «ኧ»ን በየቃሉ ፊት ብትደረድር ለዓይን ይከብዳል።

ጠብቆ ላልቶ (መልስ)

ተነባቢዎቹን እኔ ልውሰድ። ጣልያንኛ የሚመስለው የጣልያንኛን ውጤት ስለቀዳህ ነው። «ቼንቶ» ውስጥ ያለው «ች» ጣልያን ውስጥ የመጣ ለውጥ እንጂ የላቲን አይደለም። ላቲኑ «ኬንቱም» ነበር፤ በሰርዲኒያ ዛሬም ድረስ «ኬንቱ» የሚሉ አሉ። የእኛም መጻሕፍት ይህን ጥንታዊ ድምፅ ጠብቀውታል፦ ጣልያን «ቼዛሬ» የሚለውን ስም እኛ «ቄሣር» እንላለን።

እዚህ «ቄሣር» ላይ ቆም በል፣ አዱሊኛን የራሱ መልክ የሚሰጠው እሱ ነው። የግሪክ ስሞች ወደ ግዕዝ ሲገቡ ሥርዓት ይዘው ነው የገቡት። ትንፋሽ የሌላቸው የግሪክ «ፕ፣ ት፣ ክ» በእኛ ፈንጂ ድምፆች (ጰ፣ ጠ፣ ቀ) ይጻፋሉ፤ ትንፋሽ ያላቸው ደግሞ በ ፈ፣ ተ፣ ከ። ጴጥሮስ፣ ጲላጦስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ጢሞቴዎስ በአንድ ወገን፤ ቶማስ፣ ማቴዎስ፣ ቴዎድሮስ በሌላ ወገን። ፊልጶስ በአንድ ስም ሁለቱንም ይዟል፣ እስጢፋኖስም እንዲሁ። «ክርስቶስ» ላይ ያለው «ቶ» ከሥርዓቱ የወጣ ነው፤ ግን ሥርዓቱን አያፈርሰውም። ላቲን የራሱ በሆኑ ቃላት ትንፋሽ ያለው «ፕ፣ ት፣ ክ» አልነበረውም። ስለዚህ ነጋዴዎችህ በግዕዝ ተናጋሪ ጆሮ ሲሰሙ ንግግራቸው ሁሉ ጰ፣ ጠ፣ ቀ ነው።

ይኸው ሁለተኛውን ጥያቄህንም ይፈታል። ቃል ሲጀምር፣ ከተነባቢ ጎን ሲሆን ወይም ሲጠብቅ ፈንጂ ይሁን፤ ነጠላ ሆኖ በሁለት አናባቢ መካከል ሲወድቅ ይላላና ት፣ ክ ይሁን። ፕ ሲላላ ፍ ይሁን፤ ፐ ለፊደላችን ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ነው፣ ግዕዙ ግን ፈን ያውቀዋል። «ክት» የነበረው በጣልያንኛ እንደሆነው ይዋጥና ይጥበቅ። ውጤቱን ተመልከት (ከቀስቱ ግራ ላቲኑ፣ ከቀኝ አዱሊኛው)፦

ፋቱም ← ፋት (ዕጣ)
ፋክቱም ← ፋጥ (ድርጊት)
ዊታ ← ዊተ (ሕይወት)
ጉታ ሲጠብቅ ← ጉጠ (ጠብታ)
ኖክቴም ← ኖጥ (ሌሊት)
ላክቴም ← ላጥ (ወተት)
ሉፑም ← ሉፍ (ተኩላ)
ዋካ ሲጠብቅ ← ዋቀ (ላም)
አሚካ ← አሚከ (ሴት ወዳጅ)

ፊደሉ መጥበቅን ባይጽፍም ጥ እና ት ለየብቻ ስለሆኑ ልዩነቱ ወረቀት ላይ ይታያል። «ጋዜጣ» የሚለው ቃላችን ከጣልያንኛ ሲመጣ የጠበቀው «ት» «ጣ» የሆነው በዚሁ ጆሮ ነው። በ ል፣ ን፣ ር፣ ም ላይ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም። እዚያ «ዋና»ን ዋናተኛውና ዋናው ነገር ላይ እንደምንለየው ዐውዱ ይለየው። ከፊደሉ ራስ በላይ የሚቀመጠው ሁለት ነጥብ የማጥበቂያ ምልክት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በዩኒኮድ (የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ) ውስጥ አለ፤ ብዙ ስልክ ላይ ግን ነጥቦቹ ከፊደሉ ወጥተው ስለሚታዩ ለመዝገበ ቃላትህ እንጂ ለሰሌዳ አትጠቀምበት።

ቨን ተወው። የላቲኑ ድምፅ ወ ነበር፦ ዊኑም ← ዊን። ወይናችን ከጎኑ ቢቀመጥ ዘመዱ ይመስላል።

አሁን ላንቃ ላይ የሚሠራውን ለውጥ ከጣልያንኛ ሳይሆን ከአማርኛ ውሰደው። ክፈት—ክፈቺ፣ ውሰድ—ውሰጂ፣ ጨርስ—ጨርሺ፣ ለምን—ለምኚ፣ ንቀል—ንቀይ። ት ወደ ች፣ ድ ወደ ጅ፣ ስ ወደ ሽ፣ ን ወደ ኝ፣ ል ወደ ይ። ክ፣ ግ፣ ቅ ግን አይነቃነቁም (ፈልግ—ፈልጊ፣ ጠብቅ—ጠብቂ)፤ «ቄንጥ» (መቶ፣ ከ«ኬንቱም») በቀ የሚቆየውም ለዚህ ነው። ላቲን ውስጥ ጫና የሌለው «ኢ» ወይም «ኤ» ሌላ አናባቢ ሲከተለው «ይ» ይሆናል፣ ያ «ይ» ከፊቱ ያለውን ተነባቢ ይለውጠዋል፦

ፊሊያ ← ፊየ (ሴት ልጅ)
ዊኔያ ← ዊኘ (የወይን ቦታ)
ሆዲዬ ← ኦጅ (ዛሬ)
ፎሊያ ← ፎየ (ቅጠል)
ፕላቴያ ← ጵላቸ (አደባባይ)

«ፊየ» ሩቅ አይደለም፤ ፈረንሳይኛም «ፊይ» ነው የሚለው። የመጨረሻውን ደግሞ ከፒያሳ ጋር አስተያየው። ፕላቴያ ጣልያን አገር «ፒያትሳ» ሆነ፣ ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከነጋዴውና ከወታደሩ ጋር መጥቶ «ትስ» ስለሚከብደን «ፒያሳ» አልነው። ፒንሳም እንዲያው። ጵላቸ እና ፒያሳ የአንድ እናት ልጆች ሆነው በተለያየ በር የገቡ ናቸው። ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው የቋንቋህን ታሪክ ከማስረዳት ይገላግልሃል።

ስለ ቈ እና ጐ አትርሳ። ላቲን «ክዋ» እና «ግዋ» ነበረው፤ ለእኛ እነዚህ አንድ ፊደል ናቸው። ቋጦር (አራት)፣ ሊንጐ (ቋንቋ)፣ አቈ (ውሃ)። በ«አቈ» ላይ ቀ የሆነው ውሃ የሚለው ቃል በሕዝብ አፍ ይጠብቅ ስለነበር ነው፤ አፔንዲክስ ፕሮቢ የተባለው የጥንት የስህተት ዝርዝር ላይ አስተማሪው ውሃን አላልታችሁ በሉ እንጂ አታጥብቁ ብሎ ይገሥጻል። የቈ ቤት ካዕብና ሳብዕ የለውም፣ አምስት ፊደል ብቻ ነው። ላቲንም በ«ኡ» እና በ«ኦ» ፊት ያችን «ው» ጥሏታል፦ «ክዎሞዶ» በስፓኝኛ «ኮሞ» ሆኗል። ፊደሉ የሌለው ቦታ ላይ ድምፁም የለም።

ራስ መኮንን ድልድይ (መልስ)

ሰዋስው ላይ ጥቂት ልጨምር፤ ከላይ የተባለው ሁሉ ይመቸኛል።

ስሙን ከተሳቢው ቅርጽ አውጣ፣ የመጨረሻውን «ም» ጣል። ከላቲን የተወለዱት አብዛኞቹ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ግዑዝ ጾታ ይጥፋ፤ ነጠላው ወደ ወንዴ ይግባ። በ«ኣ» የሚያልቀው ብዙ ቁጥሩ ግን ሴቴ ነጠላ ይመስላል፦ «ፎሊያ» ቅጠሎች ማለት ነበር፣ ጣልያንኛም ስፓኝኛም ፈረንሳይኛም አንዲት ቅጠል አደረጉት። «ፎየ» ሴቴ የሆነው ስለዚህ ነው።

ለብዙ ቁጥር ሁለት ምርጫ አለህ፤ በ«ስ» እንደ ስፓኝኛ ወይም በአናባቢ ለውጥ እንደ ጣልያንኛ። «ስ»ን ምረጥ፤ ከፊቷ ያለውን አናባቢ ከመድከም ስለምትጠብቀው ሉፍ—ሉፎስ፣ ፊየ—ፊያስ ይሆናል። ችግሩ «ሉፎስ» እንደ ማርቆስና ጴጥሮስ የሰው ስም መምሰሉ ነው። ስለዚህ በአዱሊኛ የሰው ስም በ«ኦስ» አይለቅ፦ ጴጥር፣ ማርቅ።

የታወቀውን ነገር ምልክት ከስሙ ኋላ አስቀምጠው። ጣልያንኛና ስፓኝኛ ከፊት ያስቀድሙታል፤ ሩማኒያኛ ግን ከኋላ ነው የሚለጥፈው፣ ሉፕ—ሉፑል። እኛም ተኩላ—ተኩላው። ሉፍ—ሉፉል፣ ፊየ—ፊያለ። ልብ በል፦ ቅጥያው ሲመጣ የቃሉ መጨረሻ መጨረሻነቱ ስለሚቀር የደከመው አናባቢ ይመለሳል። ሉፍ ላይ የጠፋው «ኡ» ሉፉል ላይ አለ። ቅጥያውን ከደከመው ቃል ላይ ለጥፈህ «ሉፍል» ብትል ስህተት ነው፤ ሁልጊዜ ከላቲኑ ተነሣ።

ተሳቢ ላይ ሩማኒያኛ እንደገና ከእኛ ጋር ይገጥማል። «ጴጥሮስን አየሁት» ስንል ተሳቢው ሁለት ጊዜ ተጠቁሟል፣ በ«ን» እና በ«ት»። እነሱም «እል ቨድ ፔ ፔትሩ» ይላሉ፤ «እል» እሱን፣ «ፔ» የተሳቢው ምልክት። ስፓኝኛ በሰው ፊት «አ» ያስገባል። ለአዱሊኛ «ዊጆል አ ጴጥር»፦ ዊጆ (አያለሁ፣ ከ«ዊዴዮ»)፣ ል (እሱን)፣ አ ጴጥር።

ከሁሉ የሚያስደስተኝ የወደፊት ጊዜ ነው። ከላቲን የተወለዱት አብዛኞቹ ቋንቋዎች አዲሱን የወደፊት ጊዜ «መስጠት አለኝ» ከሚል አነጋገር ነው የሠሩት፦ ንዑስ አንቀጹ ላይ «ሀቤዮ» (አለኝ) ተለጠፈ። የእኛ «ይሰጣል» ደግሞ «ይሰጥ» እና «አለ» ተጣብቀው ነው። አሁን «ይሰጠዋል»ን ፈታታው፦ ይሰጥ፣ እሱን የሚያመለክተው «ው»፣ ከዚያ «አል»። ተሳቢው ግሡና ረዳቱ መካከል ገብቶ ተቀምጧል። ፖርቱጋልኛም ይህን ያደርጋል፦ «ዳር-ልዬ-ኤይ»፣ እሰጠዋለሁ፤ «ዳር» መስጠት፣ «ልዬ» ለእሱ፣ «ኤይ» የቀድሞው «አለኝ»። ከዚህ የበለጠ የሚገጥም ነገር አልተገኘም፣ አትለፈው። ዳር እና አዮ (ከ«ሀቤዮ») ሲገናኙ ጫናው ወደ ኋላ ስለሚሸሽ «ደራዮ» (እሰጣለሁ)፤ «ሊ» (ለእሱ) መሐል ሲገባ ከአናባቢ ፊት ስላለ «ል» ወደ «ይ» ይዞራል፣ «ደርያዮ» (እሰጠዋለሁ)።

የቃል ቅደም ተከተል ላይ ግሡን መጨረሻ ማድረግ ያምርህ ይሆናል። ሰሌዳ ላይ አያስፈልግህም፤ ንግግር ስትጽፍ አንዱን ይዘህ አትቀያይር።

ደጎል አደባባይ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሌሊቱን ሁሉ ቃል ሳወጣ አደርኩ። ሰሌዳዎቹን እነሆ፣ አርሙኝ፦

ዳቦ ቤት — ፉርን
ዳቦ — ጳን
ትምህርት ቤት — ስቆለ
ቤተ ክርስቲያን — እቅሌስየ
አደባባይ — ጵላትየ
እሑድ ዝግ ነው — ቅላውስ ዶምንክ

ጵላቸ የሚለው ከላይ ተሰጥቶኝ ሳለ ደንቡን ራሴ ስሠራበት «ጵላትየ» ወጣልኝ። የቱ ጋ ነው የሳትኩት?

ጠብቆ ላልቶ

የሳትከው ደንቦቹን በቅደም ተከተል ስላልሠራህ ነው። በመጀመሪያ አናባቢውን አደከምከው፣ «ኤ» ሳድስ ሆነና ላንቃ ላይ የሚሠራ ነገር ጠፋ። ቅደም ተከተሉን ወረቀት ላይ ጽፈህ ከፊትህ አስቀምጥ፣ እያንዳንዱን ቃል በየተራ አሳልፈው፦

1. የመጨረሻውን «ም» ጣል፣ ጫናውን ምልክት አድርግበት። ከመጨረሻው በፊት ያለው ክፍለ ቃል ረጅም አናባቢ ካለው ወይም በተነባቢ ከተዘጋ ጫናው እዚያ ነው፤ አለበለዚያ አንድ ክፍለ ቃል ወደ ቃሉ መጀመሪያ ይሂድ።
2. ከጫናው ቀጥሎ ያለው፣ ከቃሉ መጨረሻ ያልሆነው ደካማ አናባቢ በሁለት ተነባቢ መካከል ከሆነ ይውደቅ። ዶሚና ← ዶምና፣ ኦኩሉ ← ኦክሉ።
3. ከአናባቢ ፊት ያለው «ኢ» እና «ኤ» ይ ይሁን፤ ት፣ ድ፣ ስ፣ ን፣ ል ይለወጡ።
4. ፈንጂና ልል ተነባቢዎች ይለዩ።
5. ጫና የሌላቸው አናባቢዎች ይድከሙ።

አምስተኛውን ከሦስተኛው ካስቀደምክ ሁሌም እዚህ ትወድቃለህ። ፕላቴያ በሦስተኛው «ፕላቻ»፣ በአራተኛው «ጵላቻ»፣ በአምስተኛው «ጵላቸ»። ኤክሌሲያ በሦስተኛው «ኤክሌሻ»፣ በአራተኛው «ኤቅሌሻ»፣ በአምስተኛው «እቅሌሸ»። ዶሚኒካ ጫናው «ሚ» ላይ ነው፤ «ኒ» ይወድቅና «ዶሚንካ»፣ «ክ» ከ«ን» ጎን ስለሆነ «ዶሚንቃ»፣ በመጨረሻ «ዶሚንቀ»። ፉርን፣ ጳን እና ቅላውስ ትክክል ናቸው፤ የ«አው»ን መቆየት ወድጄዋለሁ።

ሳድስ

«ስቆለ» ላይ አንድ ነገር ቀርቷል። በ«ስ» እና በሌላ ተነባቢ የሚጀምር ቃል «እ» ይቀበል። ስታዲየም ተጽፎ እስታዲየም እንደሚባለው፣ ስቴፋኑስ እኛ ጋ እስጢፋኖስ፣ ስፓኝ አገር ኤስቴባን እንደሆነው ነው፤ ሁለቱ ሳይተዋወቁ አንድ መላ ነው የመቱት። ስለዚህ «እስቆለ»፤ ኮከብም «እስጤለ»።

«ጵላቸ» እና «ቅላውስ» ላይ ግን «እ» ከፊት አይመጣም። አንባቢ ጵ እና ቅ ላይ ትንሽ ሳድስ አስገብቶ ያነባቸዋል፣ ይተውለት፤ ፊደሉ ሳድስንና አናባቢ አልባውን ስለማይለይ ሁለቱም አነባበብ በአንድ አጻጻፍ ይስተናገዳሉ። የወረቀቱን ጽሑፍ «ቅላውስ ዶሚንቀ» ብለህ ዝጋው፤ ዳቦ ቤቱ የራሱን ስም ከፈለገ ደግሞ «ፉርኑል» ይበል፣ ፉርኖው ማለት ነው።